ውሃው ሲሄድ አትደንግጪ

"እንዴት ነው የሚኬደው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ ትናንት፣
የሌሊት ፈረቃ ወጥተን፣ በፋብሪካው በር፣ በጠዋት፤
ቅንድብሽ ላይ የሱፍ ብናኝ፣
ከጫማሽ ሥር የደብረ ብርሃን ውርጭ እንደ መስተዋት ሲሰበር፣
"ብቻሽን? ያለ ዘመድ? ዙሪያው ውሃ በሆነ አገር?"

ይኸው እንግዲህ ሽታዬ፣ የማውቀውን ልንገርሽ፤
ዐሥራ አንድ ቀን ነው ያየሁት፣ ለአዋቂ አትቁጠሪኝ፣ እንዳላሳስትሽ።

በመጀመሪያ ዕቁብሽ ይውጣ፤
የእኔ የደረሰኝ በሁለት ዓመቱ፣ በመጨረሻው ዕጣ።
"ጊደር ግዢበት" አለ አባቴ፣
"የቤቱን ቆርቆሮ ቀይሪ" አለች እናቴ፤
እኔ ለዛንዚባር ቲኬት ቆረጥኩበት፣ እስከ ዛሬ ያርራል አንጀቴ።
ውሸቴን ነው። አልተቆጨሁም።

ቢጫዋን የክትባት ካርድ ከፓስፖርትሽ ጋር እሰሪያት፤
የእኛን ብር እዚያ ማንም አይመነዝረውም፣ የተረፈሽን ለእናትሽ ስጪያት።
ከመርከቡ ስትወርጂ ሻንጣሽን ሊቀበል የሚሽቀዳደመውን በፈገግታ እለፊው፤
ከገበያው ጀርባ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ሰውና ሙዝ የሚጭን መኪና አለ፣ እሱን ተሳፈሪው።
"ሒሳብ ስንት ነው?" አትበይ፤
አጠገብሽ ያለችው ሴት የምትቆጥረውን እዪ፣
ያንኑ ያህል ቆጥረሽ ክፈዪ።

ጋቢ ይዤ ሄጄ ነበር። ሳቂ፣ ሳቂ።
ከደብረ ብርሃን የወጣ ሰው ሙቀት አለ ቢሉት መቼ ያምናል?
እዚያ አየሩ ራሱ እርጥብ ጋቢ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጠመጠምብሻል።
የጠቀመኝ መርከቡ ላይ ነው፣ ርጭቱን ለመከላከል።
ስመለስ እናቴ በሬሳ ወርዳ አጠበችው፣
እጣቢውን በጣቷ ቀመሰችው፣
"ይሄ ልብስ አልቅሷል እንዴ?" አለች።

ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ነገር፦
ሰዓታቸው እንደ እኛ ነው! ፀሐይ ስትወጣ ነው "አንድ" ብለው የሚጀምሩት።
የማረፊያው ልጅ ጁማ "ሳ ሞጃ" ብሎ አንድ ጣቱን ሲያሳየኝ፣
ስልኬ ላይ ሰባት ነበር፤ እኔ ግን ገባኝ።
አውሮፕላን ጣቢያው፣ ቲኬቱ፣ ሁሉም ሲያርመው የሰነበተው ሰዓቴ
ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ፣ እንደ አክስቴ።

በሦስተኛው ቀን ዝምታው ይከብድሻል።
ስምሽን የሚያውቅ የለም፤ "ዳዳ" ይሉሻል፣ እህቴ ለማለት፣ ያልፉሻል።
ክፍልሽን ዝጊና "ሽታዬ!" ብለሽ ተጣሪ፣
ራስሽ "አቤት" በይ። እብደት አይደለም፤
በሶሽን በጥብጠሽ ጠጪና ተኚ።

አሁን ዋናውን ስሚ።
አንድ ጠዋት ትነሺና ባሕሩ የለም።
ማታ ጀልባ የዋኘበት ሜዳ ሆኗል፣
ጀልባዎቹ እንደ ጠገበ ከብት በጎናቸው ተኝተዋል፤
ሴቶች በጭቃው መሀል ችካል ተክለው
የባሕር ሣር በገመድ ያስራሉ፣ እንደ ድር አድራጊ ጎንበስ ብለው።
እኔ ምጽአት መስሎኝ ሻንጣዬን አንስቼ ነበር።
ውሃ ሄዶ ሲመለስ የት አውቄ?
በሬሳ ለጀማ ይሰጣል፣ ጀማ ለዓባይ፣ ዓባይ ለሰው አገር፤
ከእኛ ዘንድ የሄደ ሄደ ነው፣ ውሃም ሰውም።
ቢ ምዋና የሚሏት ሴት አየችኝና በጭቃ እጇ
ሻንጣዬን ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው። ቋንቋ አልነበረንም።
ስድስት ጣት አሳየችኝ።
በስድስት ሰዓት ተመለሰ።

ተከትለሽው ሩቅ አትሂጂ፤ ባዶ እግርሽን አትውረጂ፤
ጥቁር እሾሃም ፍጥረት አለ፣ ከረገጥሽው የጥሬ ፓፓያ ወተት ያድናል ይላሉ።
(ፓፓያው የሸዋ ሮቢቱን ይመስላል። የእኛው ይጣፍጣል።)

አባቴ፣ የጊደሯን ነገር አንስቶ አንስቶ ሲደክመው፣
አንድ ማታ እሳት ዳር አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦
"ሲመለስ ድምፅ አለው?"
የለውም አባባ። እግርህን ሲነካህ ነው የምታውቀው።

ስለዚህ ሽታዬ፣
ስትቀመጪ ጫማሽን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ አድርጊው።